የጤና መድን መዋጮ ግብር አይደለም፤ ድኻውን መቅጣትም ቋቱን አይሞላም

በሸሕዲና በአካባቢው ሰሊጥ ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ወራት ከገበሬው ደጅ የማይደርስ ከፋይ ጠያቂ የለም። በክረምት ለእርሻ የተበደረው ገንዘብ ይመለሳል፤ ለአራሚውና ለአጫጁ የተቆረጠው ሒሳብ ይከፈላል፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይሰበሰባል፤ የእድር መዋጮ ይታሰባል። ከእነዚህ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ ተጨምሯል።

ይህን ሁሉ ከገበሬው ጋር የሚነጋገረው በሕዝቡ አንደበት ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እየተባለ የሚጠራው የቀበሌ አመራር ነው። በመሆኑም በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ በቅድሚያ የሚቀርበው ለእርሱ ነው። ጥያቄውም ይኸው ነው፤ ገቢው አነስተኛ በመሆኑ የመድን መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ቅጣት ሊጣልበት ይገባልን? ያልከፈለበት ምክንያት ማጣት ከሆነ ቅጣቱስ ከየት ይመጣል?

መዋጮና ግብር የተደባለቁበት ምክንያት

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። የገበሬ ማኅበራት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግብር በመሰብሰቡ ሥራ የማኅበራቱ መሪዎች እጅ አለበት። ከአንድ ትውልድ በላይ ገበሬው የማኅበሩን ሊቀ መንበር ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ ሲያይ «ግብር መጣ» ማለትን ለምዷል።

የጤና መድን መዋጮ የመጣው በዚሁ መንገድና በዚሁ ወቅት ነው። ሰብሳቢው አንድ ሰው፣ ጊዜውም አንድ በመሆኑ ብዙው ሕዝብ ሁለቱን ሳይለይ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ግብር ለመንግሥት የሚገባ ሲሆን የከፈለው ሰው በቀጥታ የሚቀበለው የተለየ አገልግሎት የለውም። የመድን መዋጮ ግን በአንድ ቋት ተጠራቅሞ አባል ሲታመም ለሕክምናው የሚከፈል የአባላት ገንዘብ ነው። በጠባዩ ለግብር ሳይሆን ለእድር ይቀርባል።

መድኑ በአገራችን እንዴት ተጀመረ?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነበር። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ወረዳዎች የሙከራው ተካፋዮች ነበሩ። ከዚያም ዕቅዱ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

በሙከራው ዘመን አሠራሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ቀበሌው በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይቶ ዕቅዱን ከተቀበለ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ይመዘገባል። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። የአባላት መዋጮ ብቻውን ስለማይበቃ የፌዴራሉ መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ ያህል ድጎማ ይጨምር ነበር፤ በኋላ ግን ድጎማው ቀንሷል። መክፈል ፈጽሞ ለማይችሉት ድኾች ክልሉና ወረዳው ሙሉ መዋጯቸውን እንዲሸፍኑ ተደንግጓል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለገበሬ ማኅበር መሪ ከሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ቅጣት ለምን ይታሰባል?

ቅጣትን የሚደግፉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ለአብነት ያህል አንድ ሺህ ቤተሰብ የሚኖርበት ቀበሌ ይታሰብ። መዋጮው በዓመት 500 ብር ነው እንበል። ሁሉም ቢከፍሉ ቋቱ 500 ሺህ ብር ይኖረዋል። ከሺው ውስጥ የሚታመሙት 200 ቤተሰቦች ብቻ ቢሆኑ ለእያንዳንዱ እስከ 2 ሺህ 500 ብር ለሕክምና ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ጤነኞቹ «እስክንታመም እንቆይ» ብለው ቀርተው የሚመዘገቡት እነዚያው 200 ሕሙማን ብቻ ከሆኑ ቋቱ የሚይዘው 100 ሺህ ብር ነው፤ ለእያንዳንዱም የሚደርሰው የራሱ 500 ብር ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ መድን የሚለው ስም እንጂ ሥራው አይኖርም፤ ጤና ጣቢያው ገንዘቡ ስለማይከፈለው መድኃኒት ማቅረብ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም የከፈለው ገበሬ ከግል ፋርማሲ እንዲገዛ ይነገረዋል።

እድርም ቢሆን ያለ ቅጣት አይተዳደርም። በቀብር ያልተገኘ፣ መዋጮውን ያሳለፈ አባል ይቀጣል። ሆኖም የእድር ዳኛ የሚቀጣው እየቻለ የቀረውን ነው። የታመመውን፣ አሮጊቷንና ችግሩ የታወቀውን ሰው ሸንጎው ይምረዋል። ሕዝቡ የእድርን ቅጣት በደል ብሎ የማይቆጥረው ስለዚህ ነው።

አሜሪካና ሩዋንዳ ያደረጉት

መድን የሌለውን ሰው በግብር በኩል በመቅጣት ረገድ ስሙ የታወቀው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት ከ2014 ጀምሮ መድን ያልገባ ሰው ዓመታዊ ግብሩን ሲያስታውቅ ቅጣት እንዲጨምር ተደረገ። በ2016 ቅጣቱ ለአንድ አዋቂ ሰው 695 ዶላር ወይም ከገቢው ላይ ታስቦ 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ጉዳዩን መርምሮ ክፍያው በግብር ሥልጣን ሊጣል የሚችል ነው ሲል ወስኗል።

ሕጉ ግን ድኻውን አልዘነጋም። ገቢው ግብር ለማስታወቅ ከሚያስገድደው መጠን በታች የሆነ ሰው፣ እንዲሁም የመድኑ ዋጋ ከገቢው አንጻር ከተወሰነ መጠን በላይ የሚሆንበት ሰው ከቅጣት ነፃ ነበር። ያም ሆኖ ሕዝቡ በቅጣቱ አጥብቆ በማማረሩ በ2017 መጨረሻ በወጣ ሌላ ሕግ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ቅጣት ወደ ዜሮ ወርዷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ግን ከተማይቱ ከ2019 ጀምሮ የራሷን ግዴታ አውጥታለች።

ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው የሩዋንዳ ምሳሌ ነው። ሩዋንዳ በ2007 ባወጣችው ሕግ የጤና መድንን ለሁሉም ግዴታ አድርጋለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እኩል ሲከፍል ድኻው ከበደው። በ2011 መንደርተኛው ራሱ ተሰብስቦ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ በለየበት መሠረት መዋጮው ተከፋፈለ። መካከለኛው በነፍስ ወከፍ 3 ሺህ፣ ሀብታሙ 7 ሺህ የሩዋንዳ ፍራንክ ሲከፍሉ የድኾች ድኻ የሆነው 2 ሺህ ፍራንክ ተከፍሎለታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግዴታ የሚጸናው አስቀድሞ የማይችለው ከሚችለው ሲለይ ነው።

የመተማ ቆላ የተለየ ችግር

በመተማ ወረዳ ይህን ልዩነት ማውጣት ቀላል አይደለም። ሸሕዲ ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ገንዳ ውኃ በሚለውም ስሟ የምትታወቅ ከተማ ነች። በዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በስፋት ይመረታል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሰሊጥ አገር የሀብታም አገር ይመስላል። ነገር ግን በትራክተር ከሚያርሰው ባለሀብት አጠገብ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋ መጥቶ በጥቂት ሔክታር የሚኖር ገበሬ አለ። ዝናብ ሲዛባ ወይም የሰሊጥ ዋጋ ሲወርድ ይህ ገበሬ የእርሻ ብድሩን እንኳ መመለስ ይቸግረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስና በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲስፋፋም ንግዱና መንገዱ ተስተጓጉሎ የገበሬው ኪስ ተጎድቷል።

በሽታውም የቆላ ነው። ወባ ከክረምቱ መውጣት ጋር፣ ማለትም ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰዓት ይበረታል። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ስለምትገኝ ሜዳ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ታጠቃለች። የካላዛር መድኃኒት በመንግሥት የሕክምና ማዕከሎች በነፃ ይሰጣል፤ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምናም እንዲሁ በነፃ ከሚሰጡት ውስጥ ናቸው። ቢሆንም በመርፌ የሚሰጠው የተለመደው የካላዛር ሕክምና 17 ቀን ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት የሚቀረው ሥራ፣ የአስታማሚው ምግብና መጓጓዣው በማንም አይተካም። ስለዚህ ከቤቱ ሕመምተኛ የወጣ ገበሬ በመዋጮ ወቅት ባዶ እጁን ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሌላው ችግር የቀን ሠራተኛው ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው እጅግ ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህ ሰው በትውልድ ወረዳው መዋጮ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወረዳ ቋት ውል የሚገባው ከተወሰኑ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ስለሆነ ሠራተኛው ሸሕዲ ላይ ሲታመም ደብተሩ ላያገለግለው ይችላል። የከፈለ ሰው እንዳልከፈለ ሆኖ የሚቆጠርበት ይህ ሁኔታ በወረዳዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት የሚፈታ እንጂ በቅጣት የሚመለስ አይደለም።

ስውር ቅጣት

በገንዘብ ከሚጣለው ቅጣት ይልቅ መሪዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባው ስሙ ቅጣት ያልተባለው ግፊት ነው። በሙከራው ወረዳዎች ላይ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሴፍቲኔት የታቀፉ ችግረኛ ቤተሰቦች መድን እንዲገቡ ባለሥልጣኖች ግፊት ያደርጉባቸው እንደነበር አመልክቷል። ማዳበሪያ፣ የመታወቂያ ወረቀት ወይም የመሬት ደብተር ለመስጠት የመድን ደረሰኝ ይቅረብ ቢባል ቁጥሩ በአንድ ሳምንት ሊያድግ ይችላል። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ የተከለከለ ድኻ የሚመጣውን ዓመት ምርቱን ያጣል፤ ምርቱን ያጣ ሰው ደግሞ በሚመጣው ዓመትም መዋጮ አይከፍልም። ወይም ደግሞ አራጣ ተበድሮ ይከፍላል፤ ከሕክምና ዕዳ ሊያድነው የመጣ መድን ሌላ ዕዳ ይሆንበታል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው ተግባር

የመጀመሪያው ሥራ ድኻውን በግልጽ ጉባኤ መለየት ነው። ስም ዝርዝሩ በጥቂት ሰዎች ቤት ከተዘጋጀ የመሪው ዘመድ ሲገባ እውነተኛው ችግረኛ ይቀራል። የእድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሴቶችና ወጣቶች በተገኙበት ተነብቦ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ተሰምቶ የጸደቀ ዝርዝር ግን ሐሜት አይነካውም። ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች፣ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና በሕመም ምክንያት ማረስ ያልቻሉ አባወራዎች በቅድሚያ ሊታዩ ይገባል። ዝርዝሩም በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ዓምና ደኅና የነበረ ሰው ዘንድሮ ሊወድቅ ይችላልና።

ሁለተኛው ጊዜን መምረጥ ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው ሰሊጡን ከሸጠ በኋላ ነው። በሐምሌ፣ በአረም ወቅት መዋጮ መጠየቅ ወደ አራጣ አበዳሪ መላክ ነው። ከድኻ ዝርዝር የማይገባ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብደው አባል በእድሩ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ጥቂት በጥቂት እንዲያጠራቅም ቢደረግ ይቀለዋል።

ሦስተኛው ሒሳብን ማሳወቅ ነው። ስንት ቤተሰብ ከፈለ፣ ለስንት ሰው ሕክምና ምን ያህል ወጣ የሚለው በጉባኤ ሊነገር ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ መቆረጥ አለበት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ የሕዝቡን ቅሬታ ይዞ ወደ ወረዳው መሄድም የመሪው ድርሻ ነው። ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ሰው ጎረቤቱን እንዳይከፍል ይመክራል፤ ልጁ ታክማለት የዳነችለት ሰው ግን ያለ ቅስቀሳ ሌላውን ያስመዘግባል።

ቅጣት የግድ ቢያስፈልግ እንኳ በመተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ የታወቀ፣ ትርፍ እያለው እምቢ ባለው ላይ ብቻ የሚጣል፣ ገንዘቡም ወደ ቋቱ የሚገባ መሆን ይኖርበታል። በወረዳው የዝናብና የገበያ መዛባት በደረሰበት ዓመት ደግሞ ቅጣቱ ሊነሳ ይገባል።

መድኑ የቆመው የሚችለው ለማይችለው፣ ጤነኛው ለታመመው እንዲደርስ ነው። በሚመጣው የሰሊጥ ወቅት የሸሕዲ ዙሪያ የቀበሌ መሪዎች ደረሰኙን ይዘው ከመነሳታቸው በፊት የድኾቹን ዝርዝር በጉባኤ አጽድቀው ቢነሱ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም፣ የሕዝቡ አመኔታም ሳይጓደል ሊያድግ ይችላል።