«ፑት ኦፍ»፦ አንድ ሐረጋዊ ግስ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ



ዛሬ ከእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶች አንዱን ብቻ እመለከታለሁ፤ «ፑት ኦፍ»ን። «ፑት» ማስቀመጥን፣ «ኦፍ» ደግሞ መራቅን ወይም መለየትን ያመለክታል፤ የሁለቱ ጥምረት ፍቺ ግን በድምር አይገኝም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ እንዲህ ያሉት ጥምረቶች ለባዕዳን እጅግ አስቸጋሪ መሆናቸውን ጠቅሷል።

ለእኛ ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» እንላለን። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ»ን ለብቻው ቢፈታ «ተናገረ» የሚል ፍቺ ያገኛል፤ ዝም ያለው ሰው ግን ምንም አልተናገረም።

የመጀመሪያው ፍቺ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ስብሰባው «ሃዝ ቢን ፑት ኦፍ» ከተባለ ቀኑ ተገፍቷል፤ «ሃዝ ቢን ኮልድ ኦፍ» ከተባለ ግን ጭራሹኑ ቀርቷል። «ኦፍ»ን ብቻ አይቶ ሁለቱን አንድ ያደረገ ተማሪ፣ የጥናት ጽሑፉን የሚያቀርብበት ቀን ሲተላለፍ የተሰረዘ መስሎት አዲሱን ቀጠሮ ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል።

ተሳቢው ሰው ሲሆን ፍቺው ብዙውን ጊዜ ይለወጣል። «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ» የሚል ሰው ሽታው ፍላጎቴን ዘጋው ማለቱ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያም «ዶንት ቢ ፑት ኦፍ ባይ ዘ ሎንግ ፎርም» ሲል የቅጹ ርዝመት ተስፋ አያስቆርጣችሁ ማለቱ እንጂ ስለ ቀነ ገደብ መናገሩ አይደለም። እኔ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት ይገባዋል የምለው ይህን ፍቺ ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ዐረፍተ ነገሩን የተረዳው እየመሰለው ያልፈዋልና። በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ሐሳብን መበተን የሚል ፍቺም አለው፤ ጫጫታ ፈተና ላይ ያለን ሰው «ፑት ኦፍ» ያደርጋል።

ስለ ቃላት ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልጨምር። ተሳቢው ስም ከሆነ በመካከልም በመጨረሻም ይገባል፤ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ቦታው መካከል ብቻ ነው፦ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም።

በመደበኛ ደብዳቤ «ፖስትፖን» ይመረጣል። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ግን ኮሪደር ላይ ቢያገኛችሁ «ዊ ፑት ኢት ኦፍ» ሊላችሁ ይችላል።