«ቅያሬ» እና «ሽግሽግ»፦ በማትሪክስ ውስጥ ብሎኮችን ስለ ማዛወር

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ወረዳዎች ተወስደው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ቁጥር ከ10 ወደ 11 ከፍ አለ። ለነዋሪው ነገሩ የአስተዳደር ለውጥ ነው። የወረዳዎችን አኃዝ በማትሪክስ አሰናድቶ በኮምፒዩተር ለሚያሰላ ሰው ግን ሌላ ሥራ ያስከትላል፤ ይኸውም በሁለቱ ክፍለ ከተሞች ሥር የነበሩትን ረድፎች አንሥቶ በአዲሱ ስም ሥር በአንድነት ማሰለፍ ነው። ለዚህ ሥራ ምን ስም ይሰጠው?

«ረድፍ» እና «ዐምድ» በትምህርት ቤት የሠረጹ ስለሆኑ ክርክር አያስነሡም። «ሠንጠረዥ» ከዐረብኛ ከጨዋታው ስም የመጣ ነው። የሀገራችን የሠንጠረዥ ገበታ በመሥመር ብቻ የተከፈለ ጨርቅ እንጂ በሁለት ቀለም የተዥጎረጎረ አልነበረምና፣ የእያንዳንዱ ቤት ማንነት የሚታወቀው በቦታው ነበር። ይህም ለማትሪክስ የቀረበ ሥዕል ነው። ሆኖም ቃሉ ዛሬ ማናቸውንም የመረጃ ድርድር ስለሚያመለክት፣ ለሒሳቡ «ማትሪክስ» ቢጸና ይሻላል።

«ብሎክ»ን «ክፍል» ወይም «ምድብ» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ግን እጅግ ሰፊ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በገርጂ ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወዲህ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አድራሻውን ሲናገር አስቀድሞ ብሎኩን፣ ቀጥሎ የቤቱን ቁጥር ይጠራል። ብሎክ እንግዲህ በውስጡ የራሱ ቁጥር ያለው፣ በአንድ ስም የሚጠራ ነገር ነው። የማትሪክስ ብሎክም እንዲሁ ነው፤ ቢዛወር እንኳ የውስጥ ቅደም ተከተሉ አይናወጥም። (ግንበኛው የሚደረድረው «ብሎኬት» ሌላ ነው፤ ሊምታታ አይገባም።)

ዋናው ችግር ግሡ ላይ ነው። ሁለቱ ብሎኮች እኩል ከሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ሌላው ሁሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን «ቅያሬ» ብንለው ይበቃል። ጥንቃቄው አንዱን ብሎክ በጊዜያዊ ማኖሪያ ሳያስቀምጡ ሌላውን በላዩ አለመጻፍ ነው። ብሎኮቹ እኩል ካልሆኑ ግን በመካከላቸው ያለው ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው በአግዳሚ ወንበር ላይ «ተሸጋሸጉ» ሲባል እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህኛው «ሽግሽግ» እንመርጣለን። ቃሉ በአማራ ክልል ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጋር ተያይዞ ለአንዳንዱ መራራ ትዝታ አለው፤ በማትሪክስ ውስጥ ግን የሚጎድልበትም የሚጨመርለትም የለም።

ለምሳሌ 1 2 3 እና 4 5 የተባሉ ሁለት የረድፍ ብሎኮች ቦታ ይለዋወጡ ቢባል፣ እያንዳንዱን ብሎክ ለየብቻ ስንገለብጥ 3 2 1 5 4 ይሆናል፤ ሁሉንም እንደ ገና በአንድነት ስንገለብጥ 4 5 1 2 3 ይወጣል። በዚህ ዘዴ ሰፊ ማኖሪያ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ማትሪክሱ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚደረገውን ጉዞ የሚመዘግብ በሆነ ጊዜ ነው። ረድፉ መነሻ፣ ዐምዱ መድረሻ ነውና፣ ረድፎቹ በተሸጋሸጉበት ሥርዓት ዐምዶቹም መሸጋሸግ አለባቸው። አለዚያ በየወረዳው ውስጥ የሚደረገውን ጉዞ የያዘው ሰያፍ መሥመር ይበተናል፤ የቦሌ የውስጥ ጉዞ የሌላ ሰፈር መንገደኛ ሆኖ ይቆጠራል። ፕሮግራሙም ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ አኃዞቹ ሁሉ ስላሉ ጠቅላላው ድምር ትክክል ነው። የሰያፉን ድምር ከሽግሽጉ በፊትና በኋላ ማስተያየት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱን ያጋልጣል። ይህን የሁለት ወገን ሥራ «ጥንድ ሽግሽግ» ብሎ ለይቶ መጥራት አስፈላጊ ይመስለናል።

ፎርትራን ማትሪክስን በዐምድ በዐምድ፣ ሲ ደግሞ በረድፍ በረድፍ ስለሚያከማቹ ረድፍን ማሸጋሸግ በሁለቱ እኩል አይቀልም። ስለዚህ ብዙዎች አኃዙን ከቦታው ሳያነሡ የረድፎቹን አዲስ ተራ ብቻ በዝርዝር ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ ግን የተንቀሳቀሰ ነገር ስለሌለ «ሽግሽግ» ማለት አይገባም፤ «የተራ ዝርዝር» ይባል።