የአልሙኒየሙ መስኮት፣ የምጣዱ ሽቦና የስልኩ ቺፕ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዳርና ዳር፣ የአዳዲስ ቤቶች በርና መስኮት አልሙኒየም እየሆነ መጥቷል። ጥሩ አልሙኒየም ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ንጹሕ የሆነው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ቀጭን ፍሬም ቢሠራበት በቀላሉ ይጎብጣል። ለመስኮት በብዛት የሚውለው 6063 የሚባለው ቅይጥ ማግኒዚየምና ሲሊከን አለበት፤ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ አይሞሉም። ቅይጡ ሞቆ፣ በቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከዚያም 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ለሰዓታት ይቆያል። ያን ጊዜ ማግኒዚየሙና ሲሊከኑ ተዋሕደው በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ፍሬሙን ጠንካራ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ብረታ ብረት ከሲሊከን ጋር የሚፈጥረው እንዲህ ያለ ውህድ ሲሊሳይድ ይባላል።

ፍሬም የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ ሥራቸውን የሚነካ ነውና። አልሙኒየሙ ሲበየድ የብየዳው ሙቀት በአካባቢው ያሉትን ቅንጣቶች ወይ ያሟሟል ወይ ከልክ በላይ ያሳድጋል። ብየዳው ምንም ቢያምር፣ ዙሪያው ጥንካሬውን በእጅጉ ያጣል። ማዕዘኑን በማያያዣና በብሎን መግጠም ለዚህ ይመረጣል።

ትልቁን እሳት የቻለ ትንሹ አያቅተውም የሚለው ግምትም ሞሊብዲነም ሲሊሳይድ ላይ አይሠራም። ይህ ውህድ በላቦራቶሪና በፋብሪካ ምድጃዎች ውስጥ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል። ምክንያቱም በከፍተኛ ሙቀት ገጹ ላይ መስታወት መሰል ስስ ሽፋን ያበቅላል፤ ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ ሽፋኑ ራሱ ይደፍነዋል። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ግን ሽፋኑ በወጉ አይያያዝም። ኦክስጅን በስንጥቆቹ ይገባል፣ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ያብጣል፣ ያ ሁሉ ጥንካሬ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። በዚያ ላይ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ሥር በተቀረጸው ቦይ ተጠምዝዞ ሊገባ አይችልም። ለዚያ ሥራ እንደ ኒኬልና ክሮሚየም ቅይጥ ያለ የሚተጣጠፍ ሽቦ ያስፈልጋል።

የስልክ ቺፕ ሲሊከን ብቻ ነው፣ ብረቱ እንደ ሽቦ ተለጥፎበት ነው የሚሉም አሉ። ብረቱ ሲሊከኑ ላይ እንዲሁ ቢያርፍ መገናኛው ላይ ሬዚስታንሱ ይበዛል። ስለዚህ ስስ የኒኬል ንጣፍ ይነጠፍበትና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ኒኬል ሲሊሳይድ ይሆናል። ኒኬሉ የሚዋሐደው ራቁቱን ካለ ሲሊከን ጋር ብቻ ነው፤ ኦክሳይድ ላይ ያረፈው ሳይዋሐድ ይቀርና ታጥቦ ይወገዳል። ከኒኬል በፊት ታይታኒየም ነበር፤ መስመሮቹ ሲጠቡ ሬዚስታንሱ አስቸገረ። የተካው ኮባልት ደግሞ ለ1 ናኖሜትር ውፍረቱ 3.6 ናኖሜትር ያህል ሲሊከን ይበላል፤ ኒኬል 1.8 ይበቃዋል። ዛሬ እጅግ በጠበቡት ትራንዚስተሮች ውስጥ መገናኛውን የሚሠራው መልሶ ታይታኒየም ነው።