የሞት ምዝገባ ለጅግጅጋና ለአካባቢው ከተሞች ያለው ፋይዳ

የሞት ምዝገባ ለቤተሰብ ሕጋዊ ማስረጃ ከመሆኑም በላይ ወረርሽኝን በወቅቱ ለመለየት ያስችላል። ይሁን እንጂ የተመዘገበው ቁጥር በአግባቡ ካልተተረጎመ ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ይመራል።

ጅግጅጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በከተማዋ የሚገኙ ሆስፒታሎች ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬና ከቶጎ ውጫሌ የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላሉ። ከእነዚህ መካከል ሕይወታቸው የሚያልፈው በሞቱበት ስፍራ ብቻ ቢቆጠሩ የጅግጅጋ የሞት መጠን ከእውነታው በላይ ይጨምራል፤ የመጡባቸው ከተሞች ደግሞ ችግር የሌለባቸው ይመስላሉ። በመሆኑም የሟች መደበኛ መኖሪያ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። በቤቱ የሞተ ሰው በአንጻሩ በእስልምና ሥርዓት ቀብሩ ሳይዘገይ ስለሚፈጸም፣ ቤተሰቡ ካላሳወቀ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

የሞት መጠን የሚሰላው ከሕዝብ ብዛት አንጻር ነው። በሶማሌ ክልል በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የጅግጅጋ ነዋሪ ከ125 ሺህ በላይ ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ አድጋለች። የዛሬውን ሞት በዚያን ጊዜው ቁጥር ማካፈል መጠኑን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል።

መዝገብ አለመኖር የሚያስከትለውን ጉድለት የአገሪቱ ታሪክ ያሳያል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ቢነገርም አኃዙ ግምት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብን ቢደነግግም አፈጻጸሙ ለረጅም ዓመታት ዘግይቷል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

መዝገብ ሲኖር የሚገኘው ጥቅምም ታይቷል። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በመካነ መቃብሮች የሟቾች ዕድሜ፣ ጾታና በቤተሰብ የተነገረ የሞት ምክንያት ይመዘገብ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በኤድስ የሚሞቱ ጎልማሶች ቁጥር መቀነሱ የታወቀው በዚህ መዝገብ አማካይነት ነው። ዘመዶች የበሽታውን ስም በቀጥታ ስለማይጠሩ ተመራማሪዎች ስለ ምልክቶቹ እየጠየቁ መረጃውን ያመሳክሩ ነበር።

በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞችም ሞት በ30 ቀን ውስጥ ለቀበሌው መዝጋቢ ከተነገረ፣ በየትኛው ቀበሌ ሕፃናት እንደሚበዙ፣ በየትኛው ወር ሞት እንደሚጨምር መለየት ይቻላል። መድኃኒትና ንጹሕ ውኃ አስቀድሞ ወደሚያስፈልግበት ስፍራ ለመድረስ የሚያስችለውም ይኸው ነው።