ኮምፒውተር ራውተር ሲሆን

ስልኩ፣ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። ለቤቱ የሚሰጠው የአይፒ አድራሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ይህን አንድ አድራሻ ለሁሉም የሚያብቃቃው ራውተር ነው። ራውተር ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ በየቤታችን ያለው ተራ ኮምፒውተርም ሥራውን ተክቶ መሥራት ይችላል።

የነገሩ መነሻ የአድራሻ እጥረት ነው። እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት 4ኛው የአይፒ ስሪት በ32 ቢት የተዋቀረ በመሆኑ ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬልድ ኤጌቫንግና ፖል ፍራንሲስ ናት የተባለውን የአድራሻ መቀየሪያ ዘዴ በጽሑፍ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ደግሞ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩትን ጨምሮ የተወሰኑ አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለዩ። እነዚህ አድራሻዎች ወደ ውጭ ስለማይወጡ ሚሊዮን ቤቶች አንድ ዓይነቱን ቢጠቀሙ አይጋጩም።

በራውተር ፈንታ የሚሠራው አገናኝ ኮምፒውተር ሁለት በር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ወደ ሞደሙ፣ ሌላው በኬብል ወይም በዋይፋይ ወደ ቤቱ መሣሪያዎች። ላፕቶፑ ድረ ገጽ ሲጠይቅ፣ አገናኙ ከጥያቄው ላይ የላፕቶፑን አድራሻ አንስቶ የራሱን ይተካል፤ የፖርት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የማን ጥያቄ እንደሆነም በሰንጠረዡ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ የፖርት ቁጥሩን አይቶ ለላፕቶፑ ያደርሳል። በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ደብዳቤዎቹን መዝግቦ ለየሠራተኛው እንደሚያድለው ማለት ነው። የፖርት ቁጥር እስከ 65,535 ስለሚደርስ ሰንጠረዡ ለአንድ ቤት በቀላሉ አይሞላም።

ማይክሮሶፍት ይህን አገልግሎት በ1999 በወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ውስጥ አካተተው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሞባይል ሆትስፖት የሚለውን ማብራት ይበቃል፤ ለየመሣሪያው የውስጥ አድራሻ የሚያድለው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ሊኑክስም ጥቂት ትእዛዞች ከተሰጡት ይህንኑ ይሠራል።

ገደቡን ማወቅ ግን ግድ ነው። አገናኙ ከጠፋ ወይም ከተኛ ሁሉም ይቋረጣል፤ ፍጥነቱም ለሁሉም ይከፋፈላል። አገናኙ በሰንጠረዡ ያልተመዘገበ እንግዳ ከውጭ ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚያደርሰው ስለማያውቅ በር ላይ ያስቀረዋል። ራሳችን ከፍተን ያወረድነውን ቫይረስ ግን አያግድም። በተለይ ማሻሻያ የማይደርሰው አሮጌ ዊንዶውስ ያለበትን ኮምፒውተር በቤቱ መግቢያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። በእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ላይ በየጊዜው የሚታደስ ቀላል የሊኑክስ ስሪት ይጫኑበት፤ ፋየርዎሉን አያጥፉ፤ ለዋይፋዩም ረጅም የይለፍ ቃል ይስጡት። ይህን ካደረጉ አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣልዎ በፊት ራውተር አድርገው ይሞክሩት፤ የኢንተርኔትን አሠራር ለልጆችም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በቤት ውስጥ አይገኝም።