ከስታዲየም ወደ አዳራሽ፦ የአሜሪካ ሀይስኩል ባንድና የጸደይ ኮንሰርቱ

መስከረምና ጥቅምት ላይ የአሜሪካን ሀይስኩል ባንድ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ስታዲየም ይሄዳል። ልጆቹ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍተው፣ በአሜሪካን ፉትቦል የእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ እየተሰለፉ ቅርጽ ይሠራሉ። ሙዚቃው ከሕዝቡ ጩኸትና ከነፋሱ ጋር ይታገላል። ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ እነዚያው ልጆች ጥቁር ልብስ ለብሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ስታዲየም ውስጥ የተሳሳተ ኖታ በጩኸቱ ይዋጣል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን የሦስተኛ ክላርኔት ስህተት እንኳ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። የጸደይ ኮንሰርት የዓመቱ ትልቁ ፈተና የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ኦርኬስትራ ስላላቸው እዚህ አይገኙም። ባንድ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያዎችና የምት መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ከፊት ፍሉት፣ ኦቦና ክላርኔት ይቀመጣሉ፤ መሐል ላይ ሳክስፎን፣ ባሱንና ፍሬንች ሆርን፣ ከኋላ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ዩፎኒየምና ቱባ። ከሁሉም ጀርባ ቲምፓኒ፣ ትልቁ ከበሮ፣ ዛይሎፎንና ደወሎች ቆመው ይጠብቃሉ። እዚያ ያለ ልጅ ስልሳና ሰባ ባር በዝምታ ቆጥሮ አንዲት የሲምባል ምት ብቻ ሊመታ ይችላል፤ ያቺም ምት በሰዓቷ ካልመጣች ሙዚቃው ሁሉ ይደነቃቀፋል።

አብዛኞቹ ልጆች የጀመሩት ገና በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ልጃቸው ጥቁር ሣጥን አንጠልጥሎ ከትምህርት ቤት የመጣባቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች የመጀመሪያዎቹን ወራት ጩኸት ያውቁታል። ክላርኔትና ትራምፔት በወር ኪራይ ከሙዚቃ መሣሪያ መደብር ይገኛሉ፤ ቱባና ባሱንን የመሳሰሉትን ውድ ዕቃዎች ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያውሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የየዕለት ነው። ባንድ በብዙ ሀይስኩሎች እንደ ሒሳብና እንደ እንግሊዝኛ በመደበኛ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ ነጥብ የሚያዝበት ትምህርት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ለሚያይ እንግዳ የመጀመሪያው ግራ መጋባት የሚመጣው መምህሩ ሁሉንም አንድ ድምፅ ሲጠይቃቸው ነው። የፈለገው ቢ ፍላት ነው እንበል። ፍሉቱና ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ይጫወታሉ። ክላርኔቱና ትራምፔቱ ግን ወረቀታቸው ላይ የሚያዩት ሲ ነው፤ አልቶ ሳክስፎኑ ጂ ያያል፣ ፍሬንች ሆርኑ ደግሞ ኤፍ። የሚሰማው ድምፅ ያው አንድ ነው። መሣሪያዎቹ በተለያየ ርዝመት የተሠሩ በመሆናቸው፣ ተጫዋቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ መሣሪያ ሲዘዋወር የጣት አያያዙን እንዳይቀይር ኖታው ለየመሣሪያው ተስተካክሎ ይጻፍለታል። የባንድ መምህር ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን አንብቦ፣ ስልሳ ልጅ መሐል የትኛው እንደተሳሳተ በጆሮው መለየት አለበት።

ቅኝቱን መጠበቅ ደግሞ የማያልቅ ትግል ነው። ፍሉት በኃይል ሲነፋ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ክላርኔት በተቃራኒው በኃይል ሲነፋ ወደ ታች ይወርዳል። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዜማ ሲጫወቱ፣ ሙዚቃው በጎላ ቁጥር መራራቃቸው አይቀርም። በዚያ ላይ መሣሪያዎቹ ሁሉ ሲሞቁ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቃኘ ባንድ ሕዝብ በሞላበትና መብራት በበራበት መድረክ ላይ ሌላ ባንድ ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹ ከመንፋት እኩል መስማትን ይማራሉ፤ የጎረቤታቸውን ድምፅ እየሰሙ ከንፈራቸውን በጥቂቱ ያጠብቃሉ ወይም ያላላሉ።

ይህ ሁሉ እንዴት የትምህርት ቤት ሥራ ሆነ? በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ባለሙያ ባንዶች ነበሩ፤ ከሁሉም የገነነው የጆን ፊሊፕ ሱዛ ባንድ ነው። ሸክላ፣ ሲኒማና ሬዲዮ ሲስፋፉ የእነዚህ ባንዶች ገበያ ቀዘቀዘ። በኢንዲያና ግዛት ኤልክሃርት ከተማና በሌሎችም ቦታዎች የነበሩት የመሣሪያ ፋብሪካዎች አዲስ ደንበኛ ማግኘት ነበረባቸው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ የጦር ባንድ ሙዚቀኞችም ሥራ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ፍላጎቶች ትምህርት ቤት በር ላይ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1923 በመሣሪያ አምራቾች ድጋፍ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ቺካጎ ላይ ተካሄደ። በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የጆሊየት ሀይስኩል ባንድ ከ1926 እስከ 1928 በተከታታይ አገር አቀፉን ውድድር ሲያሸንፍ፣ የሀይስኩል ልጆች ከባለሙያ የማይተናነስ ድምፅ ማውጣት እንደሚችሉ ማንም የሚክደው ነገር አልሆነም።

መሣሪያው ተገኘ፣ አስተማሪው ተገኘ። የሚጫወቱት ሙዚቃ ግን ከየት ይምጣ? ኦርኬስትራ ከሞዛርትና ከቤቶቨን የወረሰው ሀብት አለው። ባንድ እንዲህ ያለ ውርስ አልነበረውም። ለረጅም ጊዜ ሲጫወት የኖረው ማርሽና ከኦርኬስትራ የተገለበጠ ሙዚቃ ነበር። ዛሬ በጸደይ ኮንሰርት ላይ የሚሰሙት ትልልቅ ድርሰቶች ታሪክ ይህ ጉድለት እንዴት እንደተሞላ የሚናገር ታሪክ ነው።

መነሻው በ1909 የተጻፈው የጉስታቭ ሆልስት የመጀመሪያው ሱዊት በኢ ፍላት ነው። ሆልስት ትሮምቦን ሲጫወት የኖረና ለንደን ውስጥ በሴቶች ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚያስተምር እንግሊዛዊ ነበር፤ ነፋሽ ምን ሲያገኝ ደስ እንደሚለው ያውቃል። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር ከዩፎኒየምና ከቱባ በቀር የሚሰማ የለም። ስምንት ባር የሆነች ዜማ በዝግታ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ያቺው ዜማ ሳትቋረጥ ደጋግማ ትመጣለች፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተገልብጣ፣ ወደ ላይ ትሄድ የነበረችው ወደ ታች እየሄደች። በመጨረሻ ባንዱ ሁሉ ሲያነሣት አዳራሹ ይርዳል። የቀሩት ሁለት ክፍሎች ዜማም ከዚያችው ዘር የበቀለ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሌላው ዜማ መሠረት ሲሆን ለከረመ የቱባ ተጫዋች፣ ሙዚቃውን ሁሉ የሚወልደውን ዜማ ቀድሞ የመናገር ዕድል ሆልስት ሰጠው ማለት ነው። ኮንሰርቱን ከታወቁ ፊልሞች በተለቃቀሙ ዜማዎች ብቻ የሚሞሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን የሚነፍጓቸው ይህን ነው።

ከሆልስት በኋላ የአውስትራሊያው ተወላጅ ፐርሲ ግሬንጀር መጣ። በ1906 የኤዲሰንን የድምፅ መቅረጫ ይዞ ወደ እንግሊዝ ሊንከንሺር ገጠር ወረደና የሽማግሌዎችን ዘፈን በሰም ሲሊንደር ቀረጸ። በ1937 እነዚያን ዘፈኖች በስድስት ክፍል ለባንድ አዘጋጃቸው፤ ሊንከንሺር ፖዚ ይባላል። ግሬንጀር ዘፋኞቹ የዘፈኑትን አላቃናም። አንዱ ስንኙን ከጎተተ ኖታውም ይጎተታል፤ ሌላው ከቸኮለ ምቱ ያጥራል። አንደኛው ክፍል ላይማ የባር መስመር የሌለበት ቦታ አለ፦ መሪው ደስ እንዳለው እጁን ያወርዳል፣ ባንዱም ይከተላል፤ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከምት ወጥቶ ስንኙን ሲያስረዝም እንደሚደረገው ማለት ነው። ሚልዋኪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከስድስቱ ክፍሎች የተጫወቱት ሦስቱን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ለተጫዋቾቹ ከብደዋቸው ቀሩ። ዛሬ ጠንካራ የሀይስኩል ባንዶች ስድስቱንም ይወጡታል።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የአልፍሬድ ሪድ የአርመን ጭፈራዎች ሳይሆን አይቀርም። ሪድ የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው በ1972 ሲሆን፣ በዓመቱ ጥር ወር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ተመርቋል። መታሰቢያነቱ ለባንዱ መሪ ለሃሪ ቤጊያን ነው፤ የአርመን ስደተኞች ልጅ፣ ከዚያ በፊትም ዲትሮይት ውስጥ የካስ ቴክኒካል ሀይስኩልን ባንድ ለብዙ ዓመታት የመራ መምህር ነበር። ዜማዎቹ የሪድ አይደሉም። የሰበሰባቸው ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣው ኮሚታስ የሚባል የአርመን ቄስ ነው፤ ከመንደር መንደር እየዞረ በሺህ የሚቆጠሩ የገበሬ ዘፈኖችን በኖታ ጽፏል። በ1915 በኦቶማን መንግሥት ከተያዙት የአርመን ምሁራን አንዱ ነበር። ከሞት ቢተርፍም አእምሮው ታውኮ በ1935 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

በዚያው ጊዜ በኦቶማን ግዛት የተፈጸመው የአርመናውያን እልቂት ወላጅ አልባ ካደረጋቸው ልጆች መካከል አርባዎቹ ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም ይኖሩ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የነሐስ ባንዳቸውን ሰሙና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ በእኛ አቆጣጠር 1916 ዓ.ም. ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ከተማዋ ገቡ። አርባ ልጆች እየተባለ ስማቸው የሚነሣው እነሱ ናቸው። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም የተዘመረው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የናልባንዲያን ነው። በኢትዮጵያ የነሐስ መሣሪያ መንገዱ በቤተ መንግሥትና በጦር ሠራዊት በኩል ሆነ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ያፈሯቸው ኦርኬስትራዎች የዚያ መንገድ ልጆች ናቸው። በአሜሪካ መንገዱ በትምህርት ቤት በኩል ሄደ። ወደ ሪድ ስንመለስ፣ በመጀመሪያው ክፍል ከተጠቀመባቸው አምስት ዘፈኖች አንዱ በአምስት ምት የሚሄድ ነው፤ አራት መቁጠር የለመደ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እግር መጀመሪያ ይሰናከልበታል። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ ግን ትከሻው ራሱ መቁጠር ይጀምራል።

ወደ ባንዱ የሙዚቃ ጉድለት ስንመለስ፣ በ1952 ፍሬድሪክ ፌኔል ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ላይ የኢስትማን ዊንድ አንሳምብልን አቋቋመ። እያንዳንዱ መስመር በአብዛኛው በአንድ ተጫዋች የሚነፋበት ስብስብ ነው። ፌኔል ለበርካታ የሙዚቃ ደራሲዎች ደብዳቤ እየላከ ለትንፋሽ መሣሪያ እንዲጽፉ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ወደ ሀይስኩሎችም ወረደ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሕይወት ያለ ደራሲ አዲስ ሥራ እንዲጽፍላቸው ያደርጋሉ፤ ደራሲው አንዳንድ ጊዜ ራሱ መጥቶ ልጆቹ ፊት ቆሞ ያለማምዳል። ከሙዚቃው ዓለም ሁሉ ደራሲና ታዳጊ እንዲህ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ነው፤ የባንዱ ትልቁ ክብር ይህ ነው።

ከአዳዲሶቹ ሥራዎች አንዱ ከሐዘን የተወለደ ነው። በ1999 ኮሎራዶ በሚገኘው የኮለምባይን ሀይስኩል ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ከፍተው 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ከገደሉ በኋላ፣ ፍራንክ ቲኬሊ ለሟቾቹ መታሰቢያ አን አሜሪካን ኤለጂ የተባለውን ድርሰት ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው የኮለምባይን ባንድ ራሱ ነው። የትምህርት ቤቱ መዝሙር ዜማ ውስጡ አለ፤ አንድ ትራምፔት ደግሞ ከመድረክ ውጭ ሆኖ ብቻውን ይነፋል። ልጆቹ የተጫወቱት የገዛ ጓደኞቻቸውን ሐዘን ነበር። ቅርብ ጊዜ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ወደ ባንድ ያመጣው ኦማር ቶማስ፣ ካም ሰንደይ በተሰኘው ሥራው በ2019 ለባንድ ድርሰት የሚሰጠውን የሬቬሊ ሽልማት ሲያገኝ፣ በሽልማቱ የአርባ ሁለት ዓመት ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ደራሲ ሆነ። እስከዚያ ድረስ መዘግየቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከኮንሰርቱ ቀደም ብሎ ባንዱ በዳኞች ፊት ይቀርባል። በጣም የሚፈራው ክፍል ዓይተውት የማያውቁትን ኖታ መጫወት ነው፦ ወረቀቱ ይታደላል፣ ለጥቂት ደቂቃ መሣሪያ ሳይነፋ ይጠናል፣ ከዚያ በቀጥታ ይጫወቱታል። ይህን ያለፈ ባንድ ወላጅ ፊት ሲቀርብ ብዙም አይደነግጥም።

የምሽቱ መዝጊያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ማርሽ ነው። ከማርሾች ሁሉ የታወቀው በ1896 የተጻፈው፣ በ1987 ደግሞ በኮንግረስ ሕግ የአሜሪካ ብሔራዊ ማርሽ የሆነው የሱዛ ዘ ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ፎሬቨር ነው። መጨረሻው ላይ የፒኮሎ ተጫዋቾች ከወንበራቸው ተነሥተው መድረኩ ፊት ይሰለፋሉ፤ ከባንዱ ትንሿ መሣሪያ ከነሐሱ ሁሉ በላይ ትሰማለች። ከዚያ በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተመራቂዎች ስማቸው እየተጠራ ይቆማሉ፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ፣ መምህሩ የእያንዳንዳቸውን እጅ ይጨብጣል። በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ የተዋሱት ቱባና ባሱን ይመለሳል፣ ቫልቩ ይጸዳል፣ የተጎዳው ለጥገና ይላካል። በዚያው ሰሞን የታችኛው ክፍል ልጆች ለሚመጣው ዓመት ወንበር ይፈተናሉ፤ የመጀመሪያ ክላርኔት ወንበር ባዶ ሆኗል፣ ሦስት አራት ልጆችም ዓይናቸውን ጥለውበታል።