ታክሲ የመንዳት ፈቃድና የነፃ ገበያ ጠበቆች

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአንድም አዲስ የታክሲ ኩባንያ ፈቃድ አልሰጠችም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ሹፌሮች ተሰባስበው የራሳቸውን ኩባንያ ለማቋቋም አመለከቱ። አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን የቀሩት ሦስቱ ከአፍሪካ የሄዱ ስደተኞች ናቸው፤ ከመካከላቸውም አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረበት። መልሱ “አይቻልም” ሆነ። ደንቡ አመልካቹን “አሁን ያሉት ድርጅቶች ሕዝቡን ማገልገል እንዳቃታቸው አስረዳ” የሚል ሲሆን፣ ነባሮቹ ሦስት ኩባንያዎች ደግሞ ጠበቃ ይዘው ቀርበው መቃወም ይችሉ ነበር። ተወዳዳሪ ይምጣ ወይስ ይቅር ብሎ ነባሩን ነጋዴ መጠየቅ ማለት ነው፤ መልሱ ከወዲሁ የታወቀ ነው።

አራቱን ሹፌሮች ወክሎ የቆመው ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለ የጠበቆች ድርጅት ነው። በ1991 የተመሠረተው ይህ ድርጅት የሊበርታሪያኖች ነው፤ ማለትም የመንግሥት ሥራ ሕይወትን፣ ንብረትንና ውልን መጠበቅ ብቻ ነው፣ ሌላው ለሻጭና ለገዢ ይተው የሚሉ ሰዎች ስብስብ። ክሱ ቀጥሎ ሳለ የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ደንቡን ላላ አደረጉት። በ1995 አራቱ ሹፌሮች ፍሪደም ካብስ ብለው የሰየሙትን ኩባንያ ይዘው መንገድ ላይ ወጡ።

ሊበርታሪያኖች ታክሲን እንደ ምሳሌ መጥቀስ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የአስተሳሰቡ ዋና ሰው ሚልተን ፍሪድማን በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪምም ሳይቀር ያለ መንግሥት ፈቃድ ይሥራ እስከማለት ደርሷል። እዚያ ድረስ የሚከተለው ሰው ጥቂት ነው፤ የታመመ ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሮጥ አባት ገበያውን አወዳድሮ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። ታክሲ ላይ ግን ክርክሩ ይቀልላቸዋል። ፍሬን ይመርመር፣ ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ይኑረው የሚለው ደንብ ተሳፋሪውን ይጠብቃል። በከተማው ከዚህ ቁጥር በላይ ታክሲ አይኑር የሚለው ደንብስ ማንን ይጠብቃል?

ለዚህ ጥያቄ ጉልህ መልስ ያላት ኒውዮርክ ናት። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጣው ሁሉ ታክሲ ይዞ ወጣና ዋጋው ወደቀ። በ1937 የወጣው የሃስ ሕግ የታክሲውን ቁጥር ገደበ፤ በመኪናው ኮፈን ላይ የሚመታው ሜዳሊየን የተባለ የብረት ምልክት የሌለው ታክሲ መሥራት አይችልም ተባለ። ያኔ ክፍያው 10 ዶላር ነበር። ቁጥሩ ባለበት ሲቆም ሜዳሊየኑ እንደ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ሆነ፤ በ2014 አንዱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ያም ሆኖ መሪውን ይዞ የሚያድረው ሹፌር በአብዛኛው ሜዳሊየን የለውም። ለአንድ ፈረቃ ኪራይ ከፍሎ ይወጣና ከኪራይና ከቤንዚን የተረፈውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ዋሽንግተን ዲሲ በተቃራኒው ለረጅም ጊዜ በሯ ክፍት ነበር። ፈተናውን ያለፈ የራሱን ታክሲ ይዞ መሥራት ስለሚችል፣ የከተማዋ ታክሲዎች ከ6,000 በልጠው ነበር። ብዙ ሐበሻ በአሜሪካ ኑሮውን የጀመረው፣ ቤት የገዛው፣ ልጅ ያስተማረው በዚህ ክፍት በር ገብቶ ነው። በ2011 የኒውዮርክን ዓይነት ሜዳሊየን ዲሲም ታምጣ የሚል ረቂቅ ለከተማው ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ከተቃወሙት መካከል ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች ብዙ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ በታክሲ ኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ሁለት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ሹፌሮቹ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከታሰሩት አንዱ ሪዝን ለተባለው የሊበርታሪያን መጽሔት ይሠራ ነበር። ረቂቁም ሳይጸድቅ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለነፃ ገበያ ጠበቆች የተመቸ ነው። ከዚያ በስልክ መኪና የሚያስጠራው ኡበር መጣ።

ኡበር በ2011 ኒውዮርክ ሲገባ የታክሲውን ገደብ አላስነሣም፤ ቁጥሩ ባልተገደበው የኪራይ መኪና ፈቃድ በኩል ዞሮ ገባ። የሜዳሊየን ዋጋ ተንኮታኮተ። ኪሳራውን የተሸከሙት ግን በ10 ዶላር የጀመሩት አልነበሩም። ዋጋው ጣሪያ በነካበት ሰዓት በብድር የገዙት ስደተኞች ናቸው። ስለዚህ ወጥመድ ከነፃ ገበያ ጠበቆቹ ወገን የሆነው ኢኮኖሚስት ጎርደን ቱሎክ በ1975 የታክሲ ሜዳሊየንን ምሳሌ አድርጎ ጽፏል፦ ገደቡ የሚያስገኘውን ትርፍ የመጀመሪያዎቹ ይዘው ይሄዳሉ፣ በኋላ የሚገባው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ስለሚገዛ አያተርፍም፣ ገደቡ ሲነሣ ግን እሱ ይከስራል። በ2018 በኒውዮርክ በርካታ ሹፌሮች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሊበርታሪያኑ ጣቱን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀስራል፤ እውነትም አለው። ከተማዋ ራሷ ሜዳሊየን በጨረታ ስትሸጥ ከአክሲዮን ገበያ የተሻለ ነው እያለች አስተዋውቃለች፤ ከሽያጩና ከግብሩም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ነገር ግን ሹፌሩ በዕድሜው ሊከፍለው የማይችለውን ብድር ያስፈረሙት አበዳሪዎችና ደላሎች የግል ተቋማትና ነጋዴዎች ነበሩ። ውሉም በሁለት ወገን ፈቃድ የተፈረመ “ነፃ” ውል ነበር። እንግሊዝኛው ገና ያልተፍታታ ሰው የፈረመውን ውል ነፃ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

የኢትዮጵያውያን ሹፌሮችም ቦታ በዚህ መሐል ተለዋወጠ። በ2009 ዴንቨር ላይ ዩኒየን ታክሲ የተባለው የሹፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር ፈቃድ ሲያገኝ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች፣ ደጋፊያቸውም የሠራተኛ ማኅበር ነበር። በ2015 ሲያትል የኡበርና የተፎካካሪው የሊፍት ሹፌሮች ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነ ደንብ ስታወጣ፣ ከተሰለፉት መካከል ሐበሾች ነበሩበት። ትናንት በሩ ይከፈት ያሉ ዛሬ ደንብ ይውጣ ማለታቸው የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በሁለቱም ጊዜ የተሟገቱት ከእነሱ የሚበልጥ አቅም ካለው ድርጅት ጋር ነው።

ኒውዮርክም በ2018 ለኡበር ሹፌሮች ከወጪ በኋላ በሰዓት 17.22 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ ወሰነች። በ2021 በሜዳሊየን ዕዳ የተያዙ ሹፌሮች ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጅ ለ15 ቀን ምግብ አቁመው ከተቀመጡ በኋላ፣ ከዋናው አበዳሪ ጋር በተደረሰው ስምምነት ብድራቸው ወደ 170,000 ዶላር እንዲወርድ፣ ከተማዋም ዋስ እንድትሆን ተወሰነ። ይህን ያደረገው ገበያው አይደለም፤ ሊበርታሪያኑ ሊያምነው የሚገባ ነገር ይህ ነው።

ሆኖም ያችው ከተማ በ2018 የኡበር መኪናዎችንም ቁጥር ገደበች። አሁን ፈቃድ ያለውን ታርጋ በሳምንት ክፍያ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ አዲስ የመጣው ስደተኛ ለመንዳት ይከፍላቸዋል። በ1937 የወጣው የሜዳሊየን ገደብም እስከ ዛሬ አልተነሣም።